ጉዳዩ፦ የነጋሽን ቪዲዮ ስለማውረድ

ለተከበሩ አቶ ለይኩን
የፌርፋክስ የግንቦት ባዛር አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሎስ አንጀለስ

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለኮሚቴዎ አባላትና ለስልክዎ ባትሪ ሳይቀር ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በባዛሩ ዕለት መድረክ ላይ ቆመው «ከዛሬ ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ ፌርፋክስ ላይ ሞቷል» ብለው ሲያውጁ ድምፅዎ ጎርነን ብሎብኝ ስለነበር እስካሁን ሐሳብ ይዞኛል፤ ዝንጅብል በማር ቢሞክሩ መልካም ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ነው፤ ግፊቴ ግን ከባዛሩ ወዲህ ከፍ ብሏል። ሐኪሜ ጨው ቀንሺ ብሎኛል፤ ስለ ኮሚቴዎ ስላልነገርኩት አልፈርድበትም።

እርስዎ በሚገባ ያውቁኛል፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ለማያውቁኝ አንባቢዎች ስል ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ሽታዬ ይባላል። ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ክፍል አጽድቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ሚድ ሲቲ የምኖር፣ ባለቤቴን ደመቀን ከሁለት ዓመት በፊት የቀበርኩ ሴት ነኝ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ገጻችሁ ላይ የለጠፋችሁት፣ የነጋሽ ስም በትልቁ ስክሪን ላይ የሚታይበት የአርባ አንድ ሰከንድ ቪዲዮ እንዲወርድ ነው። ስለዚሁ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ፎርም ሞልቼ ተመልሻለሁ። ይህን እንደ አራተኛ ፎርም ይቁጠሩልኝ። ኮሚቴዎ ግልጽነትን በጣም እንደሚወድ ስለማውቅም፣ ቅጂውን ፌርፋክስ ላይ ያሉ ሰባት ሱቆች መስታወታቸው ላይ እንዲለጥፉልኝ ለምኜ ሁሉም ፈቅደውልኛል።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት የአምባሩን ጥቅም መካድ አልፈልግም። ላልነበሩ ሰዎች ለማስረዳት ያህል፣ ዘንድሮ ባዛሩ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ጨርሶ ክልክል ነበር። በር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ቺፕ ያለበት የፕላስቲክ አምባር እጁ ላይ ይታሰርለታል፤ በስልኩ አማካይነት ገንዘብ ይሞላበታል፤ ከዚያ በኋላ ምግቡንም መጠጡንም የሚገዛው አምባሩን ማሽን ላይ በማስነካት ነው። ይህ ብዙ መልካም ነገር አለው። አምና የአንዲት ሻጭ የገንዘብ ሳጥን ተሰርቆ የቀኑ ልፋቷ ሁሉ ውሃ በልቶት ነበር፤ ዘንድሮ የሚሰረቅ ሳጥን አልነበረም። መልስ የለኝም የሚል ሻጭ፣ የተጭበረበረ ሃያ ዶላር የሚሰጥ ገዢ፣ ገንዘብ በቆጠረ እጁ እንጀራ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ሻጮች ሲመሽ ጥሬ ገንዘብ በጉያቸው ይዘው መኪናቸው ድረስ እየፈሩ አልሄዱም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ስለዚህም ከልቤ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ስለሚያልቅ እባክዎ ደግመው ያንብቡት።

አንደኛ፤ ስለ ሰልፍ። አምባሩ የምግብ ሰልፍን እንደሚያጠፋ ቃል ገብተውልን ነበር፤ ቃልዎንም ጠብቀዋል። ሕዝቡ በሙሉ አምባር ለማሳሰርና ገንዘብ ለማስሞላት ከበሩ እስከ ኦሎምፒክ ጎዳና ድረስ ተሰልፎ ስለነበር፣ ምግቡ ዘንድ የሚደርስ ሰው ጠፍቶ ሻጮቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ውለዋል። እኔ ሃምሳ ደቂቃ ቆሜያለሁ። ከፊቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ስልካቸው ቁልፍ የሚጫኑበት የድሮው ዓይነት በመሆኑ «አፑን ዳውንሎድ ካላደረጉ አይቻልም ጋሼ፣ ሶሪ» ተብለው ተመለሱ። መቶ ዶላር ኪሳቸው ውስጥ ይዘው አንድ ጠርሙስ ውሃ መግዛት ሲያቅታቸው በሕይወታቸው የመጀመሪያው ቀን ስለሆነ፣ ለዚህ አዲስ ልምድ በእርሳቸው ስም ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ኔትወርክ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ሲስተማችሁ ለአርባ አምስት ደቂቃ ተኛ። ገንዘቡ እጃችን ላይ ታስሮ፣ ምግቡ ዓይናችን ሥር ተደርድሮ፣ ሁላችንም ቆመን ተያየን። ሳምቡሳ የምትሸጠው አስማ ሕፃናት ሲያለቅሱና ሳምቡሳዋ ሲቀዘቅዝ ዝም ብሎ ማየት ስላልሆነላት ትሪዋን ይዛ ወጥታ ላገኘችው ሁሉ አደለች። ሲስተሙን ለመጠገን ያልደረሰው የኮሚቴዎ ተወካይ ለዚህ ወዲያው ደረሰና፣ ሳይመዘገብ የወጣ ሽያጭ የውል ጥሰት መሆኑን ገልጾ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። አስማ የሸጠችው ነገር እንደሌለ፣ የሰጠችው እንደሆነ ብትነግረው፣ ስጦታም ቢሆን በአምባሩ በኩል ማለፍ እንዳለበት በትሕትና አስረዳት። ይህችን ሐሳብ ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ በኋላ ትመጣለች።

ሦስተኛ፤ ስለ ግብዣ። አቶ ሱፍያንና አቶ ሀይለገብርኤል የሚባሉ ሁለት የታክሲ ሾፌሮች አሉ፤ እርስዎም ያውቋቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሒሳብ እኔ ልክፈል ሳይባባሉና ሳይታገሉ አብረው ምሳ በልተው አያውቁም። አንዱ የሌላውን ክንድ ጠምዝዞ ይይዛል፣ የተያዘው በትከሻው ላይ ብሩን ለገንዘብ ተቀባይዋ ይወረውራል፣ ያሸነፈ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። በባዛሩ ዕለት ሁለቱም አምባራቸውን እኩል ማሽኑ ላይ ዘረጉ፤ አብሯቸው የነበረ ሦስተኛ ወዳጃቸውም በሀይለገብርኤል ብብት ሥር እጁን አሾልኮ አስነካ። ሰው እንዲህ ሲጋፋ ማን መክፈል እንዳለበት የድሮዋ ገንዘብ ተቀባይ በዓይኗ ትለየው ነበር፤ ማሽኑ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር ስላልተሞላበት የስልሳ አራት ዶላሩን ምሳ ሒሳብ ከሦስቱም ሙሉ ሙሉውን ወሰደ። ማሽኑን የያዘችው ልጅ ደንግጣ ሪፈንድ ላድርግላችሁ ስትል ሦስቱም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ገንዘቡን መልሶ የሚቀበል ሰው ተጋባዥ መሆኑን አመነ ማለት ነውና፣ ሦስቱም ጋባዥ እንደሆኑ በኩራት ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሪፖርትዎ ላይ «የምግብ ሽያጭ ከአምናው በሠላሳ በመቶ አደገ» የሚለውን ሳነብ የሱፍያን እልህ ስንት በመቶውን እንደያዘ ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

አራተኛ፤ አምስት ዶላር የማስጀመሪያ ክፍያ ወስዳችሁ፣ ከአሥር ዶላር በታች የተረፈውን ደግሞ አይመለስም ብላችሁ አስቀርታችኋል። የእኔ ሰባት ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ ይባረክላችሁ።

አምስተኛው ነገር ነጋሽ ነው። እስካሁን ያልኳቸው አራቱ ባይጻፉም የሚታለፉ ነበሩ፤ እጄን ለማፍታታት ያህል ጻፍኳቸው።

ነጋሽ እኔ እሠራበት የነበረው ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ማመላለሻ ሚኒባስ ሾፌር ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ። ደመቀ ታሞ በተኛበት ጊዜ ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ እንዳልጠብቅ ብሎ ከመንገዱ ወጥቶ በራሱ መኪና ሆስፒታል ድረስ ያደርሰኝ ነበር፤ አንድም ቀን የቤንዚን ተቀብሎኝ አያውቅም። ባለፈው ጥር ወገቡን ታመመና ቀዶ ሕክምና አደረገ፣ ሆቴሉም አሰናበተው። መኪናውን ሸጠ። ብቻውን ለሚያሳድጋት ለልጁ ለኤማ ግን ሥራ ማጣቱን አልነገራትም፤ የተከፈለበት ዕረፍት ላይ ነኝ ብሏት ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ የነገራትን የምታምን ልጅ ነበረች።

የነጋሽን ችግር እኛ እናውቅ ነበር፤ ነጋሽም እንደምናውቅ ያውቃል፤ ማንም ግን አላነሳውም። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ እዚህ መንደር ውስጥ ሕፃን እንኳን ያውቃል። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ትጨብጠዋለህ። መዳፍህ ውስጥ የታጠፈ ብር አለ። እሱ ወደ እጁ አያይም፤ አንተም ወደ እጁ አታይም። እጁን ወደ ኪሱ ይከታል፤ ስለ አየሩ ወይም ስለ ትራፊኩ ሁለት ቃል ታወራላችሁና ትለያያላችሁ። ቤቱ ሲደርስ ኪሱን ሲፈትሽ ማን ስንት እንደሰጠው አያውቅም፤ ስለማያውቅም በማግስቱ ማንንም ሳያፍር ቀና ብሎ ሰላም ይላል። ይህንን የማስረዳው ለሌሎች አንባቢዎች ነው። እርስዎ ያውቁታል፤ እንዴት እንደሚያውቁት ከታች እመለስበታለሁ።

ባዛሩ ለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቅ ቀን ነው። ከሺህ ሰው ጋር ትጨባበጣለህ፤ ከሺህ መጨባበጥ መካከል የትኛው ምን እንደያዘ ማንም አይለይም። ብዙዎቻችን ስለ ነጋሽ አስበን ልንመጣ ነበር። እናንተ ግን ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው አይገባም ብላችሁ ሳምንቱን ሙሉ ስትለፍፉ ሰነበታችሁና፣ ሕግ አክባሪ ሕዝብ ነን፣ ብራችንን ቤት ጥለን መጣን። ደግነቱ አፑ ላይ «ስጦታ ላክ» የምትል ቀይ ቁልፍ ነበረች። የልብ ቅርጽ አላት።

የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ይህንን ማንም ሳይናገርብኝ ራሴ ልናገር። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ መነጽሬን አድርጌ፣ ነጋሽ የሚለውን ስም ፈልጌ፣ ሃያ ዶላር ብዬ ቀዩን ልብ ተጫንኩ። ስልኩ ከመጨባበጥም የበለጠ ምስጢር የሚጠብቅ መስሎኝ ትንሽም ደስ ብሎኝ ነበር። ወዲያው ከመድረኩ ከበሮ ድው ድው አለ። ቀና ብዬ ሳይ አውቶቡስ የሚያህለው ስክሪናችሁ ላይ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ «ሽታዬ ለነጋሽ 20 ዶላር ሰጠች!» የሚል ጽሑፍ በብልጭልጭ ታጅቦ ወጥቷል። የሰጪንና የተቀባይን ስም ከነመጠኑ አደባባይ ማውጣት የኮሚቴው የግልጽነት መርህ መሆኑን ያወቅኩት ከባዛሩ በኋላ የአጠቃቀም ደንባችሁን ሁለት ቀን ሙሉ ሳነብ ነው፤ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ይገኛል።

የመድረክ መሪያችሁ፣ መቼም ሥራው ሆኖ፣ ማይኩን አንስቶ «ዋው! ነጋሽ ማነው? ነጋሽ እጅህን አውጣ! ኦኬ ቤተሰብ፣ ለነጋሽ ጌም እናድርግለት፣ ማነው ቀጣይ?» አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አጥሮ በቪዲዮው ላይ ስላለ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ለመስጠት ያሰበው ሰጠ፤ ያላሰበውም ዝም ቢል ነጋሽን የጠላ እንዳይመስልበት ሰጠ። ሠላሳ ሰባት ሰው ላከ፤ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ከበሮ ተመታ፤ ሰባት መቶ አርባ ዶላር ሞላ። ሲስተማችሁ ራሱ በራሱ የነጋሽን ስም ከሁሉ በላይ አወጣና የወርቅ ዘውድ ደፍቶለት «የቀኑ ከፍተኛ ተቀባይ» ብሎ ሾመው። ነጋሽ የወረቀት ሳህን ይዞ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ ስላየው በሠላሳኛው ሰከንድ ላይ እጁን ያወጣል፤ ፈገግም ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት የማውቀው ሰው ነው፤ ያንን ፈገግታ ግን ከዚያ ቀን በፊት ፊቱ ላይ አይቼው አላውቅም፤ ዳግመኛም እንዳላይ እጸልያለሁ።

ኤማ የወጣቶቹ እስክስታ ቡድን ውስጥ ስለነበረች በዚያች ሰዓት መድረኩ ላይ፣ ስክሪኑ ሥር፣ ተሰልፋ ሙዚቃ እየጠበቀች ነበር። ከበሮውን ሰምታ ዞራ የአባቷን ስም አንብባለች። ጨፍራ ስትወርድ እኛ ባለንበት «ዳድ፣ ቫኬሽን ላይ ነኝ አላልክም? ሰው ሁሉ ለምንድነው መኒ የሚሰጥህ?» ብላ ጠየቀችው። ነጋሽ «ጌም ነው ኤሚዬ፣ ጌም ነው» አላት።

ነጋሽ በማግስቱ ቢሮዎ መጥቶ ገንዘቡ ለየባለቤቱ እንዲመለስ ጠየቀ። ስጦታ አይመለስም ተባለ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ዘጠኝ በመቶ የአገልግሎት ክፍያችሁን፣ ማለትም ስልሳ ስድስት ዶላር ከስልሳ ሳንቲም፣ ቆርጣችሁ ቀሪውን ላካችሁለት። ከተቸገረ ሰው ምጽዋት ላይ ቀረጥ መውሰድ እስከ ዛሬ የትኛውም መንግሥት ያልደፈረው ሥራ ስለሆነ፣ ኮሚቴዎ በድፍረቱ ሊኮራ ይገባዋል።

ገንዘቡ በደረሰው ማግስት ነጋሽ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። ያንን ወገብ ይዞ፣ ፒኮ ጎዳና ላይ አውቶቡስ እየጠበቀ፣ ሠላሳ ሰባታችንንም አንድ በአንድ ደረሰን። አምስት ዶላር የላከለት አንድ ተማሪ በርባንክ ስለሚኖር፣ ለአምስት ዶላር ሦስት አውቶቡስ ቀይሮ በርባንክ ድረስ ሄዷል። እኔ ቤት የመጣው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ግባ ብለው አልገባም፤ ውሃ ልስጥህ ብለው አልጠማኝም አለ። እትዬ ሽታዬ እንዴት ነሽ ብሎ ጨበጠኝ። መዳፌ ውስጥ የታጠፈ ሃያ ዶላር ነበር። ሙሉ ሃያ ነው፤ እናንተ የቆረጣችሁትን ከራሱ ጨምሮበታል። ወደ እጄ አላየም፤ እኔም አላየሁም። ዘንድሮ ሙቀቱ ቀድሞ መጣ አለኝ፤ አዎ ቀድሞ መጣ አልኩት። ደረጃውን ይዞ ሲወርድ በሩን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ያለ ክፍያ ያደረሰኝን ሰው የሰው መሳቂያ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ መሣሪያውን ያቀበላችሁኝ ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሰው ይረሳ ነበር። ኮሚቴዎ ግን ቪዲዮውን «የማኅበረሰባችን ፍቅር በዲጂታል ዘመን» የሚል ርዕስ ሰጥቶ ለከርሞው ባዛር ማስታወቂያ አደረገው። አሥራ አንድ ሺህ ሰው አይቶታል። ከተመልካቾቹ መካከል የኤማ የትምህርት ቤት ልጆች ይገኙበታል፤ ዘውዱን በስልካቸው ቆርጠው አባቷ ፎቶ ላይ እያደረጉ ይልኩላታል። ልጅቷ ጭፈራውን ትታለች። ከአባቷ ጋርም ፌርፋክስ ላይ መታየት አትፈልግም። ነጋሽ በዚህ ወር መጨረሻ ቤቱን ለቆ፣ የሚያውቀው ሰው ወደሌለበት ላስ ቬጋስ ልጁን ይዞ ሊሄድ ነው። ቪዲዮው ከወረደ እንደሚቀር አስማን ነግሯታል፤ እኔን አልነገረኝም፤ አልፈርድበትም።

ለዚህ ነው ቢሮዎ ሦስት ጊዜ የተመላለስኩት። በመጀመሪያው ቀን ጸሐፊዎ «ኮንቴንቱ አሁን ጥሩ ፐርፎርም እያደረገ ስለሆነ ማውረድ ይከብዳል እትዬ» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን የቦርድ ስብሰባ ያስፈልገዋል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ብቅ ብለው፣ ቡና ልዘዝልሽ እንኳን ሳይሉ፣ ነጋሽ መድረክ መሪው ሲጠይቀው እጁን ማውጣቱ ፈቃዱን መስጠቱን በሕግ ፊት ያረጋግጣል ብለው አስረዱኝ። አንድ ሰው ሺህ ሰው ዞሮ ሲያየው እጁን ቢያወጣ ፈቅዶ ነው ማለትን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከእርስዎ ነው። በዚህ አያያዝዎ ሕግ ቢያጠኑ ኖሮ የስንቱን ቤት እንደሚዘጉ እያሰብኩ አውቶቡሴ አመለጠኝ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ አምባሩን ጣሉ አልልም። ከርሞም ይሥሩበት፤ ሌባ አይኑር፣ መልስ አይጥፋ፣ የሱፍያንም እልህ ይባረክላችሁ። የምለው አጭር ነው። ስክሪኑን ዝጉ። በር ላይ በሰው ኪስ ውስጥ የታጠፈች ሃያ ዶላር ቢያገኙ አይተው እንዳላዩ ይለፉ። ከነጋሽ ላይ የወሰዳችሁትን ስልሳ ስድስት ዶላር ከስልሳ ሳንቲም መልሱለት፤ ስትመልሱለትም በባንክ ሳይሆን በእጃችሁ። ቪዲዮውን ደግሞ ዛሬ አውርዱት፤ ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

በመጨረሻም ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ለሦስቱ ፎርሞች፣ ለሃምሳ ደቂቃው ፀሐይ፣ ለሰባት ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲሜ፣ እንዲሁም በስልሳ ስምንት ዓመቴ የሰው ክብር በስንት ሰከንድ እንደሚያልቅ ስላስተማሩኝ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የአምባርዎ ቀይ ምልክት ገና ከእጇ አንጓ ያልጠፋ፣ ስሟ ስክሪንዎ ላይ ቀድሞ የወጣ፣ የኮሚቴዎ ታማኝ ደንበኛና ፎርም ሞይ፣

ሽታዬ፣ ከሚድ ሲቲ
ሰኔ ወር

ማስታወሻ፦ ከላይ የእጅ ለእጁን ነገር እርስዎ እንደሚያውቁት ጽፌ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ በዲቪ በመጡ በሁለተኛው ወር፣ የአጎትዎ ልጅ ሶፋ ላይ እያደሩ እሱም ልቀቅልኝ ባለዎት ሰሞን፣ አንድ ለቅሶ ቤት በር ላይ ባለቤቴ ደመቀ ጨብጦዎት ነበር። መዳፉ ውስጥ ስልሳ ዶላር ነበር፤ ለሦስት የታጠፈ። ወደ እጅዎ አላዩም፤ ዝናቡ በዛ ብለውት ገቡ። ይህን ያወቅኩት የዚያ ወር የቤት ኪራይ ጎድሎን ደመቀን አፋጥጬ ስለያዝኩት ነው፤ ሲነግረኝም ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ሲያገቡ አልተናገርኩም፤ ሊቀመንበር ሲሆኑም አልተናገርኩም። በቀብሩ ላይ ቆመው «ደመቀ እንደ አባቴ ነበር» ብለው ሲያለቅሱ ለምን እንደሚያለቅሱ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያኔም ዝም አልኩ። ዛሬ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ደመቀ ቢኖር ያፍርብኝ ነበር፤ እኔም አፍሬያለሁ። ቪዲዮው በወረደ ሰዓት ይህ ወረቀት ከሰባቱም መስታወት ላይ ይወርዳል። እስከዚያው ድረስ ግን ፌርፋክስን የሚያልፍ ሁሉ እንዲያነበው በትልቁ ጽፌዋለሁ፦ ደመቀ ለለይኩን 60 ዶላር ሰጠ። ከበሮ ስለሌለኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን እጅዎን ያውጡ።